መጀመሪያውን ብቻ የምታይ ልጅ

ልጄ ጁባ ስትመጣ ይዛ የመጣችው አንድ ሻንጣ፣ አንድ ስልክና አንድ ቃል ነበር። ቃሉ “ምንም” ነው። ምን ልግዛልሽ? ምንም። ከፋሽ እንዴ? ምንም። ስልኩ ላይ እንዲህ ተደፍተሽ የምታይው ምንድን ነው? ምንም። አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ጉንጬን ስማ “ይሞቃል” ያለችውን እንደ ንግግር ከቆጠርነው፣ በመጀመሪያው ሳምንት ያደረገችው ረጅሙ ንግግር እሱ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። እኔ ጁባ የገባሁት ልጄ ፊደል ስትቆጥር ነው። በጭነት ጀልባ ወደ ጁባ ወደብ የሚመጣውን ዕቃ ተረክቦ በየመጋዘኑ የሚያደርስ የትራንስፖርት ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። “አንድ ዓመት ብቻ” ብዬ መጣሁ፤ ከዚያ እኔ ኮንትራት ባደስኩ ቁጥር ልጄ አንድ ክፍል እያለፈች አሥራ ሁለተኛን ጨረሰች፣ ቁመቷም ጆሮዬ ጋ ደረሰ። አዲስ አበባ የምሄደው በዓመት አንዴ፣ ሲሳካ ሁለቴ ነው። እንደ እንግዳ ገብቼ፣ እንደ እንግዳ ዶሮ ተሠርቶልኝ፣ እንደ እንግዳ ተሸኝቼ እመለሳለሁ።

በዚህ ክረምት ባለቤቴ “እስኪ አንተ ጋ ትምጣና ተዋወቁ” አለችኝ። ተዋወቁ! ከገዛ ልጄ ጋር! ተቆጣሁ፤ ልክ ስለነበረች ነው የተቆጣሁት። ስምምነታችን እንዲህ ሆነ፦ ሦስት ሳምንት ትሞክረው፤ ከተመቻት ክረምቱን ሙሉ እዚህ ትቆይ፤ ካልተመቻት በተቆረጠላት ትኬት ትመለስ። እኔ በሆዴ ጉዳዩን ጨርሼዋለሁ። አልጋ ገዝቻለሁ፣ አጎበር ሰቅያለሁ፣ ለመሥሪያ ቤቱም ለግቢውም አውጃለሁ። ልጄ ክረምቱን ከእኔ ጋር እንደምታሳልፍ ከእሷ በስተቀር ሁሉም ሰው ያውቃል።

ጁባን ለማስወደድ ያላደረግሁት የለም። ወደቡን ወስጄ አሳየኋት። “ያውልሽ፣ ነጭ ዓባይ” አልኳት፣ ራሴ ቆፍሬ ያፈሰስኩት ይመስል። “እሺ” አለች። ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ወሰድኳት። እዚያ ፓስታና ዘይት በጅምላ የሚሸጥ ወዳጅ አለኝ፤ የወሎ ሰው ነው፣ በአራት ቋንቋ ይከራከራል፣ በአንዱም አይሸነፍም። ወንበር አውጥቶ፣ ቀዝቃዛ ለስላሳ ከፍቶ፣ “እንዴት ነው ታዲያ፣ ጁባ ተስማማሽ?” አላት። “ጥሩ ነው” አለችና ለስላሳውን ግማሽ ላይ ተወችው። ልንወጣ ስንል ወዳጄ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ “ወንድሜ፣ ከዚህች ልጅ ቃል ከማውጣት ከእኔ ዋጋ ማስቀነስ ይቀልሃል” አለኝ። እሱ ደግሞ ዋጋ ቀንሶ አያውቅም።

ነገሩ የተፈታው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ስልኳ ባትሪ ጨርሶ ላፕቶፔን ተዋሰችኝ። ከጎረቤቶቼ ጋር የምኖርበት ግቢ ንያኩሮን የሚባል ሰፈር ነው፤ የምንተኛው መኝታ ክፍል በተደረጉ ኮንቴነሮች፣ የምንበላው በአንድ የጋራ ክፍል ውስጥ ነው፤ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ ትልቅ ቴሌቪዥንና አንድ የጣሪያ ማራገቢያ አለው። እዚያ ተቀምጣ ፊልም ከፈተች። እኔም ሥራ ያለብኝ መስዬ ከኋላዋ ተቀመጥኩ።

አንዲት ሴት ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት ትከትፋለች። ራዲዮ ይዘፍናል። ሴትዮዋ እጇን ታጥባ፣ ራዲዮውን ሳትዘጋ ወጣች። ካሜራው አልወጣም። ባዶው ወጥ ቤት ላይ ቆሞ ቀረ። ልጄ እዚህ ጋ አቆመችውና ወደ መጀመሪያው መለሰችው። ሽንኩርት፣ ራዲዮ፣ ባዶ ወጥ ቤት። አሁንም መለሰችው። ትዕግሥቴ አለቀ።

“ቀጥሎ ምን ይሆናል?” አልኳት።

“አላውቅም።”

“አላየሽውም?”

“መጀመሪያውን ብቻ ነው የማየው። የአስፈሪ ፊልሞችን ሁሉ መጀመሪያቸውን ብቻ ነው የማየው።”

ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገር! እንዳትደነብርብኝ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ፣ “እና ምኑ ነው የሚያስፈራው? ሽንኩርት ነው እኮ” አልኩ።

ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች። “አባዬ፣ ሴትዮዋ ከወጣች በኋላ ካሜራው ለምን ቀረ?”

“ረስተውት ይሆናላ።”

ሳቀች። በእኔ ላይ ነው የሳቀችው፤ ግድ የለም፣ ሳቀች። ከዚያም አስረዳችኝ። አስፈሪ ፊልም በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ማንንም አያስፈራም፤ ያሠለጥናል። ምን መፍራት እንዳለብህ ያስተምርሃል። ባዶ ክፍል ላይ ትንሽ ከቆየብህ፣ ከዚያ ወዲያ ባዶ ክፍል ባየህ ቁጥር ራስህ መፍራት ትጀምራለህ፤ እሱ አይደክምም። ያው ወጥ ቤት፣ ያው ሽንኩርት ኮሜዲ ቢሆን ካሜራው ሴትዮዋን ተከትሎ ይወጣ ነበር፤ ደጅ ላይ የሚያደናቅፋት ነገር ይጠብቃታል። የፍቅር ፊልም ቢሆን በመስኮቱ ማዶ የሚያልፍ ሰው ያሳየን ነበር። “የፊልሙን ዓይነት የሚነግርህ የሚታየው ነገር አይደለም። ማን ነው የሚያየው? እሱ ነው” አለችኝ።

በእኛ ጊዜ አስፈሪ ፊልም እንዲህ ፈተና አልነበረውም። ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣብቀን ተቀምጠን፣ ባለጥርሱ ነገር ቶሎ ካልመጣ “ገንዘባችን ይመለስ!” ብለን እንጮሃለን። “ያልጠረጠረ ተመነጠረ” ሲባል ነው ያደግሁት፤ በልጄ ፊልሞች ግን እስኪመነጠር ድረስ የሚሠቃየው የጠረጠረው ነው። ይህን ስነግራት እንደገና ሳቀችና፣ ለብዙ ጊዜ በሆዷ የያዘችውን አወጣችው። የራሷን መሥራት ትፈልጋለች። እዚሁ፣ በስልኳ፣ የጁባ አስፈሪ ፊልም። ሙሉውን አይደለም፤ መጀመሪያውን ብቻ።

ወዲያው ረዳት፣ መብራት ያዥና ተዋናይ ሆኜ ተቀጠርኩ። ደመወዙ በአባትነት የሚታሰብ ነው።

የልጄ የመጀመሪያ ሐሳብ ለአዲስ አበባ ሰው እጅግ አስፈሪ ነበር። ስክሪኑ ጨለማ ነው። የጀነሬተር ድምፅ ይሰማል፤ ይንጎራጎራል፤ ከዚያ ያስላል፣ ያንቋርራል፣ ቀጥ ይላል። ጸጥታ። በጸጥታው ውስጥ የሰው ትንፋሽ። በቃ። ትንፋሹ የእኔ ነው፤ እንዲያምር ግቢውን በሩጫ ዞሬ ነው የተቀዳሁት። አጫውተን ስናየው የገዛ ትንፋሼ ጸጉሬን አቆመው።

እሁድ ከምሳ በኋላ ለግቢው ሰው እናሳይ ተባለ። መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ሸፈንን፣ ስልኳን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘን። ወዳጄ ነጋዴው ኦቾሎኒውን ይዞ መጣ። ዘበኛችንም በሩ ሥር ቦታ ያዘ፤ ጋምቤላ ያደገ ደቡብ ሱዳናዊ ስለሆነ ከጎረቤቶቼ አንዳንዶቹ ከሚናገሩት የተሻለ አማርኛ ይናገራል። “ጋሼ፣ ሰው ይሞትበታል ወይስ ሰላም ነው?” ሲል ጠየቀኝ። “ጠብቅና እይ” አልኩት፣ በደራሲ ኩራት።

ጀመረ። ጨለማ። ጀነሬተር ይንጎራጎራል። አሳለ፣ አንቋረረ፣ ቀጥ አለ።

“ኤጭ!” አለ ቤቱ በአንድ አፍ።

የስልክ መብራቶች ተራ በተራ በሩ። ዘበኛው ተስፈንጥሮ ተነሳ፤ “ካህራባ ማፊ! ጋሼ፣ ነዳጅ እኮ ጠዋት ሞልቼዋለሁ!” እያለ መብራት መጥፋቱን ለዓለም እያወጀ ወደ ጀነሬተሩ ሮጠ። “ተቀመጡ፣ ፊልሙ ነው!” ብዬ ጮህኩ፤ ማን ሰምቶኝ። በዚህ መሃል ያ የደከምኩበት ትንፋሽ መሰማት ጀመረ። አንዱ ጎረቤቴ ወደ ነጋዴው ዞሮ በሐዘኔታ፣ “ሐጂ፣ አስም አለብህ እንዴ?” አለው። “ወላሂ እኔ አይደለሁም!” አለ ወዳጄ፣ ኦቾሎኒ በአፉ ሞልቶ። ከዚያ የስልኩን መብራት ወደ ጣሪያው አበራና፣ “ቆይ፣ ማራገቢያው እየዞረ እኮ ነው። መብራት አልጠፋም!” አለ። ሁሉም ቀና ብሎ አየ። እውነትም ይዞራል። ዘበኛውም ከውጭ “ጀነሬተሩ ይሠራል!” እያለ ግራ ተጋብቶ ተመለሰ። እውነተኛው ጀነሬተር ግድግዳው ሥር እንደ ወትሮው ሲጮህ ነበር፤ ጆሮ ግን የለመደውን አይሰማም። ፊልሙ አልቋል።

የሳቁ ነገር አይነሳ። ወዳጄ በቀልድ “ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም” አለና የቀረችውን ኦቾሎኒ ለልጄ አቀረበላት። ክፋት የለውም፤ ግን ፊቷን አየሁት። ስልኳን ከቴሌቪዥኑ ነቅላ ወደ ኮንቴነሯ ገባች። ማታ እራት ላይ “አይዞሽ፣ ምን ሆነሻል?” አልኳት።

“ምንም” አለች።

ያቺ ቃል ተመለሰችብኝ። የበረራዋ ቀን መጪው እሁድ ነው። ያንን የገዛሁትን አልጋ እያየሁ የእውነት አዘንኩ፤ ለእሷ አይደለም፣ ለራሴ።

ሰኞ ወደቡ ላይ፣ ቢሯችን ውስጥ ቁጭ ብዬ ስለ ፊልሙ አስባለሁ። የት ነው የተሳሳትነው? አዲስ አበባ ላይ ጀነሬተር ሲጠፋ ያስደነግጥ ይሆናል። ጁባ ላይ ጀነሬተር ሲጠፋ የሚታሰበው ነዳጅ ነው። ለእኛ ያ አስፈሪ ፊልም አይደለም፤ ለዕለት ኑሮም ቢሆን ተራ ነው። ይህን ሳሰላስል በአጋጣሚ መብራት እልም አለ። እኔም፣ ጸሐፊዋም፣ ሒሳብ ሹሙም በአንድ ጊዜ ቀና ብለን ማራገቢያውን አየን። እሱ እየቀነሰ ከሄደ መብራቱ እውነትም ጠፍቷል፤ ፍጥነቱን ከመለሰ ደግሞ ከመስመር ወደ ጀነሬተር ሲቀየር ነው። ሁላችንም አንገታችንን አቅንተን እየጠበቅን ነው። ያኔ ገባኝ፤ እኛን ፊልም ሊያሠለጥነን አይደክምም፣ ጁባ አሠልጥና ጨርሳናለች። አንገታችን ያውቃል።

ቦዳ ተሳፍሬ ቤት በረርኩ። የሞተር ብስክሌቱ ልጅ “ኬፍ?” እያለ ወሬ ሊያስጀምረኝ ሲሞክር “ተማም፣ ተማም፣ ያላ!” እያልኩ አጣደፍኩት። ልጄ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ተጋድማለች።

“ማራገቢያው ከቆመ በኋላ ወደ ኋላ መዞር ቢጀምርስ?” አልኳት በሩ ላይ እንደቆምኩ።

ማዳመጫዋን አወለቀች። ዓይኗ ጣሪያው ላይ ትንሽ ቆየ። “ሲቆም እቀርጸውና ወደ ኋላ አጫውተዋለሁ” አለች ቀስ ብላ፣ “ከቆመበት ተነስቶ በግልባጭ እየዞረ ይፈጥናል።” ከዚያ ተነስታ ተቀመጠች፤ “ጀነሬተሩ ግን አይመለስም። ድምፅ የለም።”

ሳምንቱን ሙሉ በዚያ ላይ ሠራን። የእኔ ሚና ከምሳ በኋላ ምንጣፍ ላይ የተኛ ሰው መሆን ነበር። የመጀመሪያ ትወናዬ በጣም ተዋጣልኝ፤ እውነቴን ተኛሁና ሦስት ጊዜ አስነስታኛለች። አጠገቤ ተጋድማ፣ ስልኳን ወደ ጣሪያው አዙራ ማራገቢያውን ቀረጸች፤ ዘበኛው ከውጭ ያጠፋል፣ ያበራል፣ “አሁንስ?” ይላል። ሲያንጎራጉር የነበረ ጀነሬተር ቀጥ ይላል። ማራገቢያው ይዝላል፣ ይዝላል፣ ይቆማል። ማንም አይመጣም። ከዚያ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ክንፉ ወደ ኋላ አንድ ጋት ፈቀቅ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አንድ ዙር። እየፈጠነ ይሄዳል። በመጨረሻም ምንጣፉ ላይ የተኛውን እኔን እናያለን፤ ዓይኔ ተከድኗል።

“ታዲያ ማራገቢያውን ሲያየው የነበረው ማን ነው?” አልኳት፣ ተቆራርጦ ተቀጥሎ ሲያልቅ።

“እሱን ነው የምልህ” አለችኝ።

አርብ፣ ወዳጄ ከጁምዓ ሶላት ወጥቶ ወደ ሱቁ ሳይመለስ፣ በምሳ ሰዓት ሁሉንም ሰበሰብን። “የዛሬውስ አይጠፋም አይደል?” እያሉ እየተሳሳቁ ተቀመጡ። ያው ብርድ ልብስ መስኮቱ ላይ፣ ያው ቴሌቪዥን።

ጀነሬተሩ ፊልሙ ውስጥ ቀጥ ሲል አንዱ ተሳለቀ። ማራገቢያው ሲቆም ሳቁ ቀነሰ። ክንፉ ወደ ኋላ አንድ ጋት ፈቀቅ ሲል ያ ክፍል ውስጥ ሲታኘክ የነበረ ኦቾሎኒ ሁሉ አፍ ውስጥ ቆመ። ቀጥሎ የሆነውን እስከ ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል። ቴሌቪዥኑን የሚያይ ሰው ጠፋ። ሁሉም አንገቱን አቅንቶ የሚያየው የራሳችንን ማራገቢያ ነው፣ ከአናታችን በላይ የሚዞረውን፤ በየት በኩል እንደሚዞር እርግጠኛ ለመሆን። ወዳጄ “ያ ረቢ” አለና ወንበሩን ድምፅ ሳያሰማ ከማራገቢያው ሥር ጎተተ። ዘበኛው በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን ደጅ አድርጎ፣ “ጋሼ፣ ይሄን ነገር አጥፋው” አለኝ። ልመልስለት ስል እኔም ቀና ብዬ ጣሪያውን እያየሁ ራሴን ያዝኩት። ምንጣፉ ላይ የተኛሁት እኔ! ልጄ ከኋላ በሳቅ ፈረሰች።

ወዳጄ ሲወጣ እጁን ልቡ ላይ አድርጎ፣ “የኔ እናት፣ ያን ‘ለእራት አይበቃም’ ያልኩትን አንስቻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት የምበላው ደጅ ተቀምጬ ነው” አላት።

ሰው ሁሉ ወጥቶ ብርድ ልብሶቹን ስናጣጥፍ፣ እኔ ደስታዬ ከአፌ ቀድሞኝ፣ “እንግዲህ ትኬትሽን ዛሬውኑ አስቀይራለሁ። ሁለተኛውን ወደቡ ላይ እንሠራለን፤ ጀልባዎቹ ላይ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ...” ማለት ጀመርኩ።

“አይ፣ እሄዳለሁ አባዬ” አለች።

“አልተመቸሽም?”

“ተመችቶኛል። በጣም። ሁለተኛውን ግን ቤት ነው የምሠራው። እኛ ቤት።”

“ይሁን፣ በስልክ ሐሳብ እሰጥሻለሁ።”

“አትችልም።”

“ለምንድን ነው የማልችለው? የማራገቢያው ሐሳብ የማን ነበር?”

“ያንተ ነው። ጁባ ስለምትኖር፣ እዚህ ሰው ምን እንደሚፈራ ታውቃለህ።” ብርድ ልብሱን ደረቷ ላይ ያዘችው። “እኛ ቤት ምን እንደሚያስፈራ ግን አታውቅም።”

“ምንድን ነው የሚያስፈራው? አይጥ ነው?” ብዬ ልቀልድ ሞከርኩ።

“መጀመሪያውን ልንገርህ” አለችኝ፤ የባለሙያ ድምፅ ነው ያወጣችው፣ ቅሬታ የለበትም። “ረቡዕ ነው። ቀን ነው፤ ፀሐይ አለ። እማዬ ልብስ ታጥፋለች። ስልኳ ይጠራል። ካሜራው ስልኩን ያሳየናል፤ የሚጠራው ያንተ ቁጥር ነው። እማዬ አታነሳውም። ያጠፈችውን ሸሚዝ ይዛ ቆማ ታየዋለች።”

“ለምን አታነሳውም?”

“አንተ የምትደውለው እሁድ ነዋ። ረቡዕ ከሆነ፣ አንተ አንድ ነገር ሆነህ፣ ስልክህን ይዞ የሚደውለው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።”

እኔ እኮ በሳምንቱ መካከል የምደውለው ስጦታ የምሰጣቸው እየመሰለኝ ነው። የጭነት ጀልባ ሲዘገይ፣ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል፣ ውሃው ዳር ቁጭ ብዬ ድምፃቸው ሲያምረኝ ነው የምደውለው።

“ናፍቃችሁኝ እኮ ነው” አልኳት።

“እናውቃለን” አለች። “ካነሳነው በኋላ።”

ከዚያ ብርድ ልብሱን አስቀመጠችና፣ “እኔ ሦስት ሳምንት መጣሁ። አሁን አንተ ና” አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ ቢሮ ሄጄ የተጠራቀመ ፈቃዴን በሙሉ ጠየቅሁ። አለቃዬ “ልጅህ ክረምቱን እዚህ ናት አላልክም እንዴ?” አለኝ። “ተሳስቼ ነው፣ እኔ ነኝ እዚያ የምሆነው” አልኩት። በእሁዱ በረራ ከልጄ ጎን ወንበር ተገኘ። ቤት ስገባ ለባለቤቴ ልንገራት ብዬ ስልኬን አወጣሁ፤ ቁጥሯን ነክቼ ገና ሳይጠራ፣ ቀኑ አርብ መሆኑ ትዝ አለኝ። ዘጋሁትና ወደ ልጄ ዞርኩ።

“አንቺ ደውይላት” አልኳት፣ “እኔ ከደወልኩ ትደነግጣለች።”